ብልጭልጩ ለምን ወዲያው ይዘቅጣል? ከልጅ ጋር ስለሚሠራው የብልጭልጭ ጠርሙስ

ጥያቄ፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 4 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ 1 ዓመት ከ3 ወር ሆኗታል። ከትልቁ ጋር በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የብልጭልጭ ጠርሙስ ሠራን። ውሃ ሞላን፣ ብልጭልጭ ጨመርን፣ ቀይ የምግብ ቀለምና አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን አደረግንበት። ቪዲዮ ላይ ብልጭልጩ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የእኛ ግን ወዲያው ዘቀጠ፣ የቀረውም ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ውሃው ጠቁሮ ምንም አያሳይም። በማግስቱ ደግሞ አልጋ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤቴ ነጭ ኮላ ጨምሪበት አለችኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡትን ባለ ቀለም ኳሶች ልላክልሽ ትላለች። ልጄ ለመናገር ዘግይቷል፤ እስካሁን ነጠላ ቃላት ነው የሚያወራው። ይሄ ጠርሙስ ለንግግርና ለትኩረት ይጠቅማል ሲባል ሰምቼ ነው የጀመርኩት። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ከኳሶቹ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ነገም ይደርሳል፣ ይሄ ግን ዛሬውኑ ውሳኔ ይፈልጋል። እህትዎ እንዳትልክ ይንገሯት። እነዚህ ኳሶች ደረቅ ሳሉ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ውሃ ሲያገኙ ግን ብዙ እጥፍ ያብጣሉ። ልጅ ደረቁን ከዋጠው ሆድ ውስጥም ማበጡን ይቀጥላል፣ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በተራ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ሐኪም ጋ ቢኬድም ቶሎ ላይገኝ ይችላል። በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ልጆች አሉ፣ የሞቱም አሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ትንንሽ ልጆች ካሉበት ቤት እንዲወጡ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይም አማዞን፣ ዎልማርትና ታርጌት ለልጆች መጫወቻ ብለው መሸጣቸውን አቁመዋል። «ጠርሙስ ውስጥ አሽጌ ብሰጣቸውስ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ችግሩ ከማሸግዎ በፊት ነው የሚጀምረው። ሲሠሩ አንዷ ተንከባላ ምንጣፍ ስር ትገባለች፤ የ1 ዓመት ከ3 ወር ልጅ ደግሞ ወለል ላይ ያገኘችውን ሁሉ መጀመሪያ የምትሞክረው በአፏ ነው።

አሁን ወደ ብልጭልጩ። ግሊሰሪን መምረጥዎ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መጠኑ ነው። ብልጭልጭ ከውሃ የሚከብድ ፕላስቲክ ነው። በተራ ውሃ ውስጥ ምንም የሚይዘው ስለሌለ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቀስ እንዲል ከተፈለገ ፈሳሹ ራሱ መወፈር አለበት። ንጹህ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከውሃ ከ1000 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ይህን የሰማ ሰው አንድ ማንኪያ ይበቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ውሃ ሲገባበት ውፍረቱ በአንዴ ነው የሚወርደው። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ከውሃ የሚበልጠው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ግሊሰሪን ለአንድ እጅ ውሃ ሲሆን ወደ 25 እጥፍ ይጠጋል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ማድረግ ግን ዓይን የሚያየው ለውጥ አያመጣም። ግሊሰሪን በክብደትም ከውሃ ስለሚበልጥ ብልጭልጩን ከሥር ደገፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ግሊሰሪኑ ከግማሽ በላይ ይሁን።

የብልጭልጩ መጠንም የራሱ ድርሻ አለው። ቅርጹ ያው ሆኖ በግማሽ የሚያንስ ብልጭልጭ ወደ አራት እጥፍ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዱቄት የሚመስለው ደቃቁና ኮከብ ቅርጽ ያለው ትልቁ አብረው ቢገቡ፣ ትልቁ ቶሎ ታች ይደርሳል፣ ደቃቁ ከኋላው እየተንሳፈፈ ይቆያል። እኔ ሁለቱን መቀላቀል እወዳለሁ፤ ለልጁ የሚከታተለው ነገር ይሰጠዋል። የአየሩ ሁኔታም ለውጥ አለው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ድሬዳዋ ያለች እናት በአዲስ አበባው ልክ ብትሠራ የእሷ ፈጥኖ ይወርዳል። እንዲያ ከሆነ ትንሽ ግሊሰሪን መጨመር ነው።

ላይ የተንሳፈፈው ቀሎ አይደለም። ደረቅ ብልጭልጭ ዙሪያውን አየር ይይዛል፣ የውሃው ገጽም አላሰምጥም ይለዋል። መፍትሔው አንድ ጠብታ ላርጎ ነው። አንድ ስል አንድ ነው፤ ሦስት ካደረጉ ጠርሙሱ በተነቀነቀ ቁጥር ግማሹ አረፋ ይሆንና ልጁ አረፋ ብቻ ሲያይ ይውላል። የተሻለው ዘዴ ብልጭልጩን መጀመሪያ በስኒ ውስጥ ከጥቂት ግሊሰሪንና ከዚያች ጠብታ ላርጎ ጋር በማንኪያ ማሸት ነው። ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ሲገባ አይንሳፈፍም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። የጠቆረብዎት ስለበዛ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚሸጠው ከሆነ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዱቄት ከሆነ የስቴኪኒ ጫፍ ነክሮ ውሃው ውስጥ ማወዛወዝ ነው። ጠርሙሱን ብርሃን ፊት ሲያነሱት ከኋላው ያለው ጣትዎ መታየት አለበት። ጣትዎ ካልታየ ብልጭልጩም አይታይም። ርካሽ ብልጭልጭ ደግሞ የራሱን ቀለም ውሃ ውስጥ የሚለቅ አለ። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ትንሽ ቆንጥረው በብርጭቆ ውሃ ያሳድሩት። ጠዋት ውሃው ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ተጨማሪ ቀለም አያስፈልግዎትም።

የጎረቤትዎን ምክር ይተዉት። ነጭ ኮላ ፈሳሹን ያወፍራል፣ እውነት ነው፤ ግን ወተት ያስመስለዋል። ብልጭልጩ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ብቻ ነው የሚታየው። በቪዲዮዎቹ ላይ ያለው ኮላ ግልጹ፣ እንደ ውሃ የጠራው ዓይነት ነው። እሱ ከተገኘ ሩብ ያህል ኮላ በሞቀ ውሃ በጥብጦ መሥራት ይቻላል። ግሊሰሪን ውድ ከሆነብዎት ደግሞ ግልጽ የፀጉር ጄል አለ። ጄል በጣም ስለሚወፍር ብልጭልጩን ጭራሽ አንጠልጥሎ ሊያስቀረው ይችላል። የሞቀ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ ማቅጠን ያስፈልጋል። ጨው ግን እንዳይነካው፤ ብዙዎቹ ጄሎች ጨው ሲገባባቸው ይፈታሉ።

«የሞቀ» ስል የፈላ አይደለም። የሃይላንድ ፕላስቲክ 70 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል። የፈላ ውሃ ከገባበት ይሸበሸባል፣ አንገቱ ይጣመማል፣ ክዳኑም ከዚያ በኋላ በትክክል አይገጥምም። ምናልባት የእርስዎ የፈሰሰው በዚህ ሊሆን ይችላል። በብዛት የማየው ግን ሌላ ነው። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ቦታ ግሊሰሪን ወይም ውሃ እንደነካው ሱፐር ግሉ ይደረግበታል፣ አይይዝም። ሱፐር ግሉ እርጥብና ዘይታም ነገር ላይ አይጣበቅም። የክዳኑ ፕላስቲክ ደግሞ በባሕርዩ ማጣበቂያ የማይወድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይታመንም። አንገቱንም የክዳኑን ውስጥም በሶፍት ደጋግመው ያድርቁ፣ ከተገኘ በአልኮል ይጥረጉ፣ ማጣበቂያውን በጥምዝምዙ ዙሪያ ያድርጉና አጥብቀው ይዝጉ። ከላይ ክዳኑንና አንገቱን አንድ ላይ በሰፊ ፕላስተር ሦስት አራት ዙር ይጠቅልሉት። አንድ ሌሊት ጨርቅ ላይ ዘቅዝቀው ያሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ደረቅ ካልሆነ ለልጅ አይሰጥም። ይህን ሥራ አዋቂ ብቻ ነው የሚሠራው። ሱፐር ግሉ የልጅ ጣት ካጣበቀ ጎትተው አይለያዩ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ በትዕግሥት ማላቀቅ ነው።

ጠርሙሱንም ይቀይሩ። የውሃ ሃይላንድ በጣም ስስ ነው፤ በትንሽ ጥርስ ይበሳል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጋዙን እንዲችል ተደርጎ ስለሚሠራ ወፈር ይላል። ትንሹን ይምረጡ። ግሊሰሪን ይቆጥባል፣ ለአራት ዓመት ልጅ እጅም ይመቻል፣ እግር ላይ ሲወድቅም አይጎዳም። የመስታወት ጠርሙስ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንም።

እንግዲህ እንዲህ አድርገው እንደገና ይሥሩት። የአንድ ጠርሙስ ውስጥና ውጭ አጥበው መለያ ወረቀቱን ይላጡ። ሁለት እጅ ግሊሰሪን፣ አንድ እጅ ፈልቶ የበረደ ውሃ ያዘጋጁ። ማፍላቱ ውሃው ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ቀለሙን ውሃው ላይ ይጨምሩ። ለትንሽ ጠርሙስ አንድ የሻይ ማንኪያ ብልጭልጭ ከበቂ በላይ ነው። ልጅ ሁሉንም ልድፋ ይላል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ብልጭልጭ ሲበዛ ግን ታች ተከምሮ ጭቃ ይመስላል። ለመገልበጫ የሌላ ሃይላንድ አንገት ቆርጠው ይዘቅዝቁት። አፉ ጋ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዉና ሳያሽጉ ክዳኑን ብቻ ዘግተው ይሞክሩት። ብልጭልጩ ተረጋግቶ ለመዝቀጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከወሰደ ጥሩ ነው። ፈጥኖ ከወረደ ግሊሰሪን፣ አልወርድ ካለ ውሃ፣ በማንኪያ በማንኪያ። የማሸጊያው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲቀላቀል የተፈጠረው ደቃቅ አረፋ አያስጨንቅዎት፤ ካደረ ይጠፋል።

አብዛኛው ወላጅ ጠርሙሱን ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ለልጁ ይሰጣል። ይሄ እኔን ያሳዝነኛል፤ ትልቁ ጥቅም ያለው መሥራቱ ላይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ውሃ በማንኪያ ሲቀዳ፣ ሳይደፋ ጠባብ አፍ ውስጥ ሲጨምር፣ ቆንጥሮ ሲይዝ፣ ጣቶቹና የእጁ አንጓ እየሠሩ ነው። ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚያ ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ሰፊ ትሪ ላይ ያስቀምጡት፣ ይደፋ፣ ያብሳል። «ትልቁ ኮከብ ነው ወይስ ትንሹ ቀድሞ የሚወርደው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አይንገሩት፣ ገልብጦ ያያል። እንደገና ይገለብጣል። ትኩረት የሚሉት ይሄው ነው፤ ሌላ ልዩ ሥልጠና የለውም።

ለትንሿ ደግሞ ፈሳሽ ያለበት አይሁን። በፊት ጥርሶቿ መንከስ የምትጀምርበት ዕድሜ ላይ ናት። የጠርሙሱ ክዳን ራሱ ለእሷ አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ ወደ 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል ሊኖረው አይፈቀድም። የሃይላንድ ክዳን ደግሞ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእሷ ደረቅ ጠርሙስ ይሥሩላት፣ እርስዎ አጠገቧ ሆነው ትጫወትበት። አንዱ ውስጥ ጤፍ፣ አንዱ ውስጥ ምስር፣ አንዱ ውስጥ ሽምብራ ያድርጉ፣ ከሩብ አይበልጥ። ጤፉ ሹክ ሹክ ይላል፣ ሽምብራው ይንኳኳል። አናግረው እያቀያየሩ ሲሰጧት ልዩነቱን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያዩታል። እህሉን መጀመሪያ በብረት ምጣድ አመስ አመስ አድርገው ያቀዝቅዙት። ያለዚያ በሁለት ወሩ ነቀዝ ያወጣል፤ የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ነቀዝ ሲሯሯጥ ማየት ለማንም አይበጅም። እርጥበት ካለውም ይሻግታል። ሲጨርሱ እሱም እንደ ፈሳሹ ይታሸጋል።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን አደይ አበባ ጠርሙስ ውስጥ እናድርግ የሚሉኝ አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ውሃ ውስጥ ግን በጥቂት ቀናት ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ሲበሰብስ የሚፈጥረው ጋዝም ክዳኑን ይገፋል። አበባ፣ ቅጠል፣ ወረቀት፣ ጥጥ ውሃ ውስጥ አይገቡም። የፕላስቲክ ዶቃ፣ የልብስ ቁልፍ፣ የሌጎ ቁራጭ ይገባሉ፤ አሻንጉሊት ውስጥ ያለ ማግኔትና ክብ ባትሪ ግን በፍጹም። ዘይትና ባለ ቀለም ውሃ የሚለያዩበትን ዓይነት ከወደዱ የምግብ ዘይት ይጠቀሙ። ቀለሙ የሚቀባው ውሃውን ብቻ ስለሆነ ሁለት ድርብ ሆኖ ይታያል። የሕፃን ቅባት፣ ቤቢ ኦይል የሚባለውን፣ አልመክርም። ልጅ ቢጠጣውና በትንታ ወደ ሳንባው ቢገባ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። በብዙ ቤታችን በረኪናና ላምባ የሚቀመጠው በሃይላንድ ነው። ልጁን በባለ ቀለም ጠርሙስ እንዲጫወት ካስተማርነው በኋላ ወጥ ቤት ጥግ ያለችው ሃይላንድ ደግሞ ለምን እንደማትነካ አይገባውም። ስለዚህ ይህን መጫወቻ ከመሥራትዎ በፊት ቤትዎን ይዙሩ። በረኪናው፣ ላምባው፣ የአይጥ መድኃኒቱ ከሃይላንድ ወጥቶ ልጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይግባ። ልጅ ላምባ ወይም በረኪና ከጠጣ አያስመልሱት፤ ሲመለስ ሁለተኛ ጉዳት ያደርሳል። የጠጣበትን ዕቃ ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መጫወቻውን ጠርሙስም የሚጠጣ ነገር አያስመስሉት፤ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ለስላሳ ከሚመስል ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሻላል፣ ፕላስተሩም ጎልቶ ይታይ።

ንግግሩን በተመለከተ በግልጽ እናገራለሁ፤ ጠርሙሱ ልጅን አያናግርም። የኦቲዝም ወይም የትኩረት ሕክምናም አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ በስሜት ሕዋሳት ላይ ስላተኮሩ ሕክምናዎች እንኳ ያለው ማስረጃ ውስንና ያልተቋጨ መሆኑ ለወላጆች እንዲነገር መክሯል። ያ በሠለጠነ ባለሙያ ስለሚሰጠው ሕክምና የተባለ ነው። ቤት ውስጥ ስለተሠራ ጠርሙስ ከዚያ በላይ መናገር አይቻልም። ልጅን ሊያረጋጋ ይችላል፣ አዎ፤ ዓይኑ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ሲከተል ትንፋሹም ቀስ ሊል ይችላል። ግን እየጮኸና እየተንከባለለ ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ይወረውረዋል። ጩኸቱ ጋብ ሲል፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ አብረው ነው የሚያዩት። «ሂድና ጥግ ሆነህ ጠርሙስህን እይ» ከተባለ ጠርሙሱ ቅጣት ሆነ ማለት ነው።

ንግግርን የሚረዳው እርስዎ በጠርሙሱ ዙሪያ የሚያወሩት ነው። ገልብጠው «ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ!» ይበሉ። ከመገልበጥዎ በፊት «አንድ፣ ሁለት…» ብለው ዝም ይበሉ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። «ሦስት»ን ለእሱ ይተዉለት። መጀመሪያ በድምፅ፣ በእጅ ምልክት ወይም በ«ስ» ብቻ ቢመልስ ይቀበሉትና ይገልብጡ። ይሄ ማንኛውም የንግግር ባለሙያ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ጠርሙስ ባይኖርም በኳስ ይሠራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን ልጁን ያስመርምሩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው የዕድገት ዝርዝር፣ 4 ዓመት የሞላው ልጅ አራትና ከዚያ በላይ ቃላት ባሉት ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ይጠበቃል። ልጅዎ በነጠላ ቃላት ላይ ከሆነ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ለሚሉዎት ጆሮ አይስጡ። መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ያድርግ። ሲጠሩት ዞር ማለቱ ብቻ በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም፤ ውሃ የቋጠረ ጆሮ ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን ያምታታል። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ይየውና ወደ ንግግር ባለሙያ ይምራው። እንደ እኔ ምክር ጠርሙሱን በዚህ ሳምንት ይሥሩት፣ የሐኪም ቀጠሮውንም በዚሁ ሳምንት ይያዙ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅ።

የሠሩትን ጠርሙስ መስኮት ላይ አያቁሙት። ፀሐይ ቀለሙን ታጠፋዋለች፣ ፈሳሽ የሞላው ጠርሙስም ጨረር ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል። በየሳምንቱ አንገቱንና ታችኛውን ጫፍ በጣትዎ ይዳብሱ። የጥርስ ምልክት፣ ስንጥቅ ወይም እርጥበት ካገኙ፣ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ይጣል። ሲጥሉት ደግሞ ብልጭልጩን ወደ ቧንቧ አይድፉት። ደቃቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ወንዝ ድረስ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 አጋማሽ ጀምሮ ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ መሸጥን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በአሮጌ ጨርቅ አጥልለው ውሃውን ይድፉ፣ ብልጭልጩ ሲደርቅ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ያስቀምጡት፤ አያስፈልግም ካሉ ከነጨርቁ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ያውጡት።